የኅዳግ ጽሑፍ፤ ሴይቼንቶ፣ መርካቶና የጥገና ታሪክ



ይህን ገለጻ እንዳቀርብ ለጋበዘኝ የትምህርት ክፍል ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ርእሱ ከታወቀ በኋላ «በታሪክ ትምህርት መድረክ ላይ ስለ አንዲት ትንሽ የጣሊያን መኪና ምን ይነገራል?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን ከመግቢያው ላይ ላስቀምጥ። ታሪክ ጸሐፊ ቤተ መንግሥቱንና የጦር ሜዳውን እንደሚመረምር ሁሉ፣ ሕዝብ በየዕለቱ የተሳፈረበትን፣ የጠገነውንና ስም ያወጣለትን ዕቃም ሊመረምር ይገባዋል። ሴይቼንቶ ብለን የምንጠራት ፊያት 600 እንዲህ ያለች ዕቃ ናት። ስሟ በጣሊያንኛ «ስድስት መቶ» ማለት ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ በታክሲነት አገልግላለች፤ ዛሬ ግን በመንገድ ላይ ስትገኝ መንገደኛ ቆሞ የሚያያት ብርቅ ሆናለች።

እኔም የአንዲት ሴይቼንቶ ባለንብረት ነኝ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ተመራማሪም እንደ ባለጉዳይም ነው። ሦስት ጥያቄዎችን በተከታታይ አነሣለሁ። ይህች መኪና ወደ እኛ የመጣችው በምን ታሪክ ውስጥ ነው? ፋብሪካዋ ማምረት ካቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሕይወት ያቆያት ማን ነው? ልንጠብቃት ብንፈልግስ የምንጠብቀው በትክክል ምኑን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉም የከበደው እርሱ ነው።

ሀ. መኪናውና ስሙ

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጣሊያን እጅ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የደረሰው መኪና በእንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጣ ሲድሌይ ነበር፤ በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ሆልትስም በራሱ መኪና አዲስ አበባ ገብቷል። ይሁን እንጂ የሞተር ተሽከርካሪ በብዛት የታየው በወረራው ጊዜ ነው። ማርሻል ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው ከአንድ ሺህ በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብ የጣሊያንን ሞተር በብዛት የሰማው የወራሪ ድምፅ ሆኖ ነው ማለት ነው። ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ጭፍጨፋ፣ ያ ጦር በከተማዋ ላይ የፈጸመውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ጣሊያን መኪና በፍቅር መናገር በዚህች ከተማ ከባድ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ከባድነቱን ሳንሸሽ እንቀጥል።

መርካቶም የዚያው ዘመን ልጅ ናት። ከወረራው በፊት የከተማዋ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። የጣሊያን አስተዳደር ነዋሪውን በዘር ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ መሠረት አራዳን ለነጮች የንግድ ቦታ አድርጎ፣ የኢትዮጵያውያንን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። የገበያው መጠሪያ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለትም «የአገሬው ሰው ገበያ» ነበር። ከነጻነት በኋላ «ኢንዲጄኖ» የሚለው ቅጽል ወደቀ፣ «መርካቶ» ብቻ ቀረ። አካባቢውም አዲስ ከተማ ተባለ። ለማግለል የተከለለው ቦታ የአገሪቱ የንግድ እምብርት ሆነ።

ቃል ቀርቶ ትርጉሙ የተለወጠበት ይህ ሂደት በመኪና ቋንቋችን ውስጥም በስፋት ይታያል። ጋራዥና ሾፌር ከፈረንሳይኛ መጥተዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስንመለከት ግን ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ኮፋኖ፣ ስፖኪዮ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ፖርቶመጋላ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፣ ናፍታ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። የጎማ ከመነዳሪ የምንለውም «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ክፍል፣ ከሚለው የጣሊያንኛ ሐረግ የወጣ ነው።

የቃላቱን ዓይነት ልብ በሉ። የሕግ፣ የፍልስፍና ወይም የሥነ ጽሑፍ ቃላት አይደሉም፤ የእጅ ሥራ ቃላት ናቸው። ይህ ስለ ተናጋሪዎቹ አንድ ነገር ይነግረናል። ቃላቱ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ አልተሰጡም፤ ከመኪና ሥር ተንጋሎ ዕቃ ሲቀባበል፣ በጆሮ ተለቅመው በአማርኛ አፍ የተሞረዱ ናቸው። ፖርታባጋሊ ፖርቶመጋላ እስኪሆን ድረስ በስንት ረዳት አፍ ውስጥ እንዳለፈ መገመት አያዳግትም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ሕዝቡን መምከራቸው ይታወቃል። እንግሊዞች ጣሊያናውያን ሁሉ ከአገር እንዲወጡ ሲገፋፉም፣ የእጅ ባለሙያዎች የሆኑ ጥቂቶች እንዲቆዩ ተደርጓል። የመካኒክነት ሙያ ከእጅ ወደ እጅ የተሻገረበት አንዱ ድልድይ ይህ ነው።

ለ. የቱሪን ስሌት፣ የአዲስ አበባ ከፍታ

ፊያት 600 ለሕዝብ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1955 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ንድፉን የመሩት ኢንጂነር ዳንቴ ጃኮሳ ናቸው። ርዝመቷ 3.2 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ወደ 600 ኪሎ ግራም ነው። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በውኃ ይቀዘቅዛል፤ የመጀመሪያው 633 ሲሲ ሲሆን ወደ 22 የፈረስ ጉልበት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው 600ዲ የተባለው ሞዴል ሞተሩ ወደ 767 ሲሲ፣ ጉልበቱም ወደ 29 ከፍ ብሏል። የዓላማው ቀላልነት የሚደነቅ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በሞተር ብስክሌት ይጓዝ የነበረውን የጣሊያን ቤተሰብ አራት ሰው በሚይዝ፣ ጣሪያ ባለው መኪና ላይ ማስቀመጥ።

«ይህች የድሃ ቤተሰብ መኪና ናት፤ ከጣሊያን የስፖርት መኪና ዝና ጋር ምን ያገናኛታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ግንኙነቱ የሥጋ ዝምድና ነው። በቪየና የተወለደው ካርሎ አባርት እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ይህንኑ አካል ወስዶ ሞተሩን እያሳደገ 750፣ 850፣ በኋላም 1000 ሲሲ የእሽቅድምድም መኪና አድርጎታል። ዓርማው ጊንጥ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ውድድሮች ላይ የኋላ ክዳናቸውን ከፍተው የሚበሩት ትንንሽ አባርቶች፣ በእኛ ዘንድ ተሳፋሪ ሲያመላልሱ ከነበሩት ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዛሬ በአውሮፓ ገበያ አባርቱ የሰብሳቢዎች ሀብት ነው። ወንድሙ ታክሲ ግን ታሪኩን የጻፈለት ሰው የለም።

ሴይቼንቶ ወደ አዲስ አበባ የመጣችበት ዘመን ሁለቱ መንግሥታት ዕዳቸውን የሚተሳሰቡበትም ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወስኖ ነበር። የቆቃ ግድብ ከዚያው የካሳ ሂሳብ ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። ካሳና ንግድ ጎን ለጎን ሄዱ። የቱሪን መኪና በዚህ ጊዜ የመጣችው እንደ ወራሪ ዕቃ ሳይሆን ባለቤቱ ከፍሎ እንደ ገዛት ሸቀጥ ነው።

አሁን ወደ ተፈጥሮ ሕግ እንለፍ፤ ቱሪን ያላሰበችው ነገር እዚህ ይጀምራልና። ቱሪን ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መርካቶ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዐሥር እጥፍ መሆኑ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። የ600ዲ 29 የፈረስ ጉልበት እኛ ዘንድ ወደ 22 ወይም 23 ይወርዳል። በቱሪን የተለካው የካርቡራተር ቀዳዳ እዚህ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይለቃል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይበዛል። ውኃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከኋላ የተሸጎጠ ሞተር ያላት መኪና አራት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ይህ የስምንት ዲግሪ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ሴይቼንቶን በአዲስ አበባ ማሽከርከር የራሱ ዕውቀት አለው። የአስነሺው እጀታና የአየር መዝጊያው ከማርሹ በስተኋላ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ናቸው። በጠዋቱ ብርድ የአየር መዝጊያውን መጠን የሚለካው የሾፌሩ ጣት ነው። አንደኛ ማርሽ ማመሳሰያ የለውም፤ በዳገት መካከል ወደ አንደኛ ለመመለስ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥና በመካከሉ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የሞተሩን ዙር በጆሮ ማወቅ ግድ ነው። እኔ የምነዳት መኪና ከፒያሳ ወደ መርካቶ ስትወርድ ትደሰታለች፣ ስትመለስ ግን ታስባለች። ሾፌሩም ከእርሷ ጋር ማሰብ አለበት። ይህ ዕውቀት በፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። የተጻፈው በዚህች ከተማ ሾፌሮች እጅና እግር ላይ ነው።

ሐ. ሶማሌ ተራ እንደ ቤተ መዛግብት

ፊያት በጣሊያን ውስጥ የዚህችን መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ1969 አቆመ። በስፔን ሴያት፣ በዩጎዝላቪያ ደግሞ ዛስታቫ በፈቃድ ማምረታቸውን ቀጠሉ፤ የዛስታቫው እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ዘልቋል። በእኛ አገር ደግሞ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የግል መኪናና መለዋወጫ ማስገባት እየከበደ ሄደ። በዚህ ጊዜ የመኪናዋ ዕድሜ በቱሪን እጅ መሆኑ ቀርቶ በመርካቶ እጅ ገባ።

መርካቶ በተራ የተከፋፈለች ናት። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ፣ ጎማ ተራ እንደ ስሙ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ ዳግመኛ የሚወለድበት ነው። አንድ መለዋወጫ ሲጠፋ ባለሙያው በቅደም ተከተል የሚሄድበት መንገድ አለ። መጀመሪያ የራሷን የፊያትን ዕቃ ይፈልጋል። ካጣ የእኅቷን፣ የዛስታቫን ወይም የሴያትን። እርሱም ከጠፋ የሌላ መኪና ዕቃ ያመጣና ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስሞርደዋል። ይህም ካልሆነ ከባዶ ያሠራዋል። ጓርኒሲዮን በመቀስና በመዶሻ ከወፍራም ወረቀት ይቆረጣል። የዛገ ወለል ተቆርጦ ከላሜራ በተቀጠቀጠ አዲስ ይተካል። የበር ላስቲክ ከአሮጌ ከመነዳሪ ይወጣል። የመጨረሻው ጎማ እንኳ አይጣልም፤ በረባሶ ጫማ ሆኖ እንደ ገና ጎዳና ይወጣል።

የእኔን መኪና ብንመረምር ይህ ሁሉ ታሪክ ተጽፎባት እናገኛለን። የፊት ባሌስትራዋ አንዱ ቅጠል ከሌላ መኪና የመጣ ነው። የግራ በሯ የታችኛው ግማሽ በእጅ የተቀጠቀጠ ሲሆን፣ በጣት ሲዳሰስ የመዶሻው ምት ከስቱኮው ሥር ይታወቃል። የራዲያተሯ እምብርት ከመጀመሪያው የሚበልጥ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ይህን ያደረገው ባለሙያ የውኃን መፍያ ነጥብ በቁጥር አልተማረ ይሆናል፣ ችግሩን ግን ከነመፍትሔው ያውቀው ነበር። ቀለሟን ስንፍቅ ከላይኛው ሽፋን ሥር ሰማያዊ ይወጣል። ታክሲ ነበረች።

እዚህ ላይ ላዳን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ውል ተፈራርማ፣ ፊያት 124ን መሠረት ያደረገ መኪና በቮልጋ ዳር በምትገኘው ቶልያቲ ከተማ ማምረት ጀመረች። ከተማዋ የተሰየመችው በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶልያቲ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ1970 ወጡ። ሶቪየቶች ለመጥፎ መንገድና ለብርድ ሲሉ ብረቱን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ ሞተሩን ቀየሩት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ተኩት። ደርግ ዘመን ከሶሻሊስት ወዳጅ አገር መጣ ያልነው ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ በዘሩ የቱሪን ልጅ ነበር። የአዲስ አበባ መካኒክ ከሴይቼንቶ ወደ ላዳ ሲሻገር አዲስ ቋንቋ መማር አላስፈለገውም፤ ካምቢዮው ካምቢዮ፣ ቴስታታው ቴስታታ ነበር። የመንግሥት ርእዮተ ዓለም ሲለወጥ የጋራዡ መዝገበ ቃላት ሳይለወጥ ቀጥሏል። ይህን የመሰለ ቀጣይነት በፖለቲካ ሰነዶቻችን ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

መ. የምንጠብቀው ምኑን ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። ጥንታዊ መኪናዎችን በተመለከተ ዓለም አቀፍ መመዘኛ የሚያወጣው ፊቫ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ፌዴሬሽን ነው። በእርሱ ትርጓሜ አንድ ተሽከርካሪ ታሪካዊ ለመባል ቢያንስ 30 ዓመት ሊሞላው፣ በታሪካዊ ትክክለኛ ይዞታው ሊጠበቅ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነትም የማይውል ሊሆን ይገባል። በዚህ መስፈርት የአዲስ አበባ ሴይቼንቶ ምን ትሆናለች? ዕድሜዋ ከሚጠየቀው እጥፍ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መስፈርት ግን ትወድቃለች። ታሪካዊ ያደረጋት በየቀኑ መሥራቷ ነው፤ ከመዝገቡ የሚያስወጣትም ይኸው በየቀኑ መሥራቷ ነው። ስትሠራ ስለ ኖረች ተጠገነች፣ ስለ ተጠገነች «ትክክለኛ» አይደለችም ተባለች።

ፍርዱን ለመመርመር ከራሳችን የትምህርት ዘርፍ ምሳሌ ልውሰድ። የብራና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ተማሪዎች እንደሚያውቁት፣ አንድ ወንጌል በአንድ ዘመን ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ በየዘመኑ ባለርስቶች፣ ገዳማትና ነገሥታት በኅዳጉና በባዶ ገጾቹ ላይ የርስት ስጦታ፣ የሽያጭ ውልና የዕቃ ቆጠራ ይጽፉበታል። ድጉሱ ይታደሳል፣ የተቀደደው ብራና በጅማት ይሰፋል። የኢትዮጵያን የመሬት ይዞታ ታሪክ የጻፉ ምሁራን ከወንጌሉ ቃል ይልቅ የተመገቡት ከኅዳጉ ጽሑፍ ነው። «መጽሐፉን ወደ መጀመሪያ ንጽሕናው እንመልሰው» ብሎ ኅዳጉን የፋቀ ሰው ቢኖር፣ ቅርስ ጠባቂ ሳይሆን ቅርስ አጥፊ እንለዋለን።

የመርካቶ ጥገና የሴይቼንቶ የኅዳግ ጽሑፍ ነው። ዋናው ጽሑፍ የቱሪን ነው፤ እርሱ በሚሊዮን ቅጂ ታትሟል፣ በጣሊያን ሙዚየሞችም ተጠብቋል። በእጅ የተቀጠቀጠው በር፣ የሰፋው ራዲያተር፣ ከስቱኮው ሥር ያለው ሰማያዊ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። አንድ ባለንብረት መኪናውን «እንደ አዲስ» ለማድረግ ከውጭ ኦሪጅናል ዕቃ አስመጥቶ የመርካቶውን ሥራ ሁሉ አውልቆ ቢጥል፣ መኪናው በገበያ ዋጋ ሊጨምር ይችላል። የታሪክ ምስክርነቱ ግን ይጠፋል።

ተቃራኒውን ክርክርም በአግባቡ ማቅረብ ይገባኛል። «ጥገናን ሁሉ ቅርስ ካልነው ልዩነት ምን ይቀራል? ቸልተኝነትና እጥረት የፈጠሩትን ጥፋትስ ጥበብ ብለን ልናወድሰው ነው?» የሚል ተቃውሞ ተገቢ ነው። ሁሉም ጥገና እኩል እንዳልሆነ እቀበላለሁ። ከብረት ይልቅ በስቱኮ የተሞላ ምሰሶ ለተሳፋሪው ሕይወት አደጋ ነው፤ የጎደለ ፍሬንም የኅዳግ ጽሑፍ አይባልም። ስለዚህ መለያው ይህ ቢሆን እላለሁ፤ ለደኅንነት የግድ የሆነውን መለወጥ፣ የተለወጠውን መመዝገብ፣ የቀረውን መተው። በዚህ ረገድ የፊቫ የቱሪን ቻርተር ራሱ ይደግፈናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ይህ ሰነድ ጣልቃ ገብነት በትንሹ እንዲሆን፣ የተተኩ ክፍሎች ተለይተው እንዲታወቁ፣ ሥራውም ሁሉ እንዲመዘገብ ይመክራል፤ መኪናውን መጠቀም ሙያውን ለትውልድ ለማስተላለፍ አስፈላጊ መሆኑንም ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የናራ ሰነድ ደግሞ የቅርስ እውነተኛነት የሚመዘነው በራሱ ባህል አውድ ውስጥ እንደ ሆነ አስቀምጧል። የእኛ አውድ ደግሞ ሶማሌ ተራ ነው።

ሠ. ጊዜው ለምን አጭር ሆነ?

ይህን ጉዳይ ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚያደርግ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ለከተማዋ አየርና ለውጭ ምንዛሬያችን የሚኖረውን ጥቅም አልቃወምም። የታሪክ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባው ውጤቱን ነው፤ የካርቡራተርና የካንዴላ ዘመን ማብቂያው በሕግ ተወስኗል። ወደ ሙያው የሚገባ ወጣት ከእንግዲህ ባትሪና ኮምፒውተር ይማራል፤ ይገባዋልም። የካርቡራተርን ቀዳዳ በጆሮ የሚለካው ባለሙያ ግን ተተኪ አይኖረውም።

መርካቶም ራሷ እየተለወጠች ነው። ጠባብ ሱቆች በፎቅ ይተካሉ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው የእሳት አደጋ፣ በዚያ አካባቢ የአንድ ትውልድ ሀብት በአንድ ሌሊት ምን ሊሆን እንደሚችል አሳይቶናል። የመርካቶ ዕውቀት በወረቀት ያልሰፈረ በመሆኑ ደግሞ ሱቁ ባይቃጠልም ሰውየው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተንቀሳቃሽ ቅርስን ከማይንቀሳቀስ ቅርስ ጋር ያውቃል። ነገር ግን በልማዳችን ተንቀሳቃሽ ቅርስ ስንል የሚታየን መስቀል፣ ብራናና ዘውድ ነው፤ በቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም የሚንቀሳቀሰው፣ አራት ጎማ ያለው ቅርስ አይታየንም።

ረ. ምን ይደረግ?

ገለጻዬን የማጠቃልለው ለዚህ ተቋም ተማሪዎችና መምህራን በማቀርባቸው አራት ተግባራዊ ሐሳቦች ነው።

አንደኛ፣ የጋራዥ መዝገበ ቃላት ይሰብሰብ። የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች በጋራ ሆነው በሶማሌ ተራና በየጋራዡ የሚነገሩትን ቃላት ከነአጠራራቸው፣ ከነመነሻቸውና ከነአገልግሎታቸው ቢመዘግቡ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ከመሆን አልፎ ለአማርኛ መዛግብተ ቃላት የጎደለ ምዕራፍ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የአረጋውያን መካኒኮች፣ ቶርኖ ሠሪዎችና የቀድሞ የታክሲ ሾፌሮች ቃል በድምፅና በምስል ይቀረጽ። ቃለ መጠይቁ በቢሮ ሳይሆን በሥራ ቦታቸው፣ ዕቃው በእጃቸው እያለ ይሁን፤ እጅ የሚያስታውሰውን አፍ ብቻውን አይናገረውምና። ከሁሉም በፊት ደግሞ በአክብሮት ይጠየቁ። «ጋሼ፣ ይህን እንዴት ሠሩት?» ተብለው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ፣ ተጠሪ ሆነው መጠይቅ እንዲሞሉ ሲደረግ ከሚሰጡት እጅግ የተለየ ነው።

ሦስተኛ፣ እኔን የመሰልን ባለንብረቶች ለእያንዳንዱ መኪና የታሪክ መዝገብ እንክፈት። ሊብሬ ባለቤቱንና የሻንሲ ቁጥሩን ይነግረናል፤ ጥገናውን ግን አይነግረንም። ምን ተለወጠ፣ ከምን መጣ፣ በየትኛው ተራ ተሠራ፣ በስንት ዓ.ም. የሚለው ይጻፍ። የወለቀው ዕቃም አይጣል፤ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ቢያንስ አንዲት ሴይቼንቶ ከነመርካቶ ጥገናዋ፣ ቀለሟ ሳይታደስ፣ የመዶሻው ምት እንደ ታየ፣ በአንድ የሕዝብ ሙዚየም ትቀመጥ። በሥሯ የሚጻፈው መግለጫ ከቱሪን መምጣቷን ብቻ ሳይሆን በማን እጅ እንደ ኖረች ይናገር። በወረራ ዘመን የመጣ ቋንቋ፣ በካሳ ዘመን የመጣች መኪና፣ በእጥረት ዘመን የተወለደ ጥበብ፤ ሦስቱ በአንድ አካል ላይ ተገናኝተው የሚታዩበት ሌላ ዕቃ ማግኘት ቀላል አይመስለኝም።

በወራሪው ቃል የተሰየመችው ገበያ የእኛ ለመሆኗ ዛሬ የሚጠራጠር የለም። በዚያች ገበያ እጅ ስልሳ ዓመት የኖረችው መኪናም፣ ታርጋዋ ብቻ ሳይሆን ታሪኳ በእኛ ስም ሊመዘገብ ይገባል። መዝጋቢዎቹ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ናችሁ፤ ሶማሌ ተራም ከዚህ ሩቅ አይደለም።

 ጥያቄና አስተያየታችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።